የኢሕአፓ ወጣት ሊግ ምን ጠየቀ? ምኑ ተፈጸመ? ምኑ ቀረ?

 የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ አሁን፣ ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ አረፍ ስትሉ አንብቡት።

ሰሞኑን እዚህ ናይሮቢ ያሉ ወጣቶቻችን ስለ "ወጣት ክንፍ" እየተነጋገሩ ነው። አንዱ ድርጅት በዚህ ይጠራቸዋል፣ ሌላው በዚያ። ሁሉም "የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ለውጥ ቅድሚያዎች" የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሦስቱን አነበብኳቸው። ሥራ፣ ትምህርት፣ መሬት፣ የሴቶች እኩልነት፣ የቋንቋ መብት። የድርጅቱን ስም በእጃችሁ ብትሸፍኑት የቱ የማን እንደሆነ አትለዩም። "የትኛው ይሻላል?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጻፋችሁልኝ ልጆች መልሴ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የተነሣ የወጣት ድርጅት ከእኛ በፊት ነበረና።

እሱም የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ወጣት ሊግ ነው።

መጀመሪያ ዝርዝሩ ከየት እንደመጣ እንይ። የዚያ ዘመን ልጆች ጥያቄያቸውን ከመጽሐፍ ብቻ አልቀዱትም። በደቡብ ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውን፣ ብዙ ጊዜም እኩሌታውን ለባለርስቱ ያስረክብ ነበር። ከአሥር ሰው ዘጠኝ ያህሉ ማንበብ አይችልም። "መሬት ለአራሹ" የሚለው ጥያቄ በየካቲት 1957 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ አደባባይ ወጣ። ከዚያ የወሎ ረሃብ መጣ። መንግሥት ሊሸፍነው ሞከረ፣ ተማሪው ግን ለዓለም አሳወቀ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ሲቆሙ መምህራንም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። መምህራኑን ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ "ሴክተር ሪቪው" የተባለው የትምህርት ዕቅድ ነበር። ሰዉ የተረዳው የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ እንዲቀር የታሰበ ነው ብሎ ነው። እንግዲህ መሬት፣ ዳቦ፣ ትምህርት የሚሉት ሦስቱ ቃላት ከቤት የወጡ ናቸው።

ኢሕአፓ በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በውጭ አገር፣ በበርሊን፣ በሌላ ስም ተመሠረተ። በ1966 ክረምት "ዴሞክራሲያ" የተባለችው የኅቡዕ ጋዜጣ በከተማ መሰራጨት ጀመረች። በነሐሴ 1967 ፓርቲው ስሙንና ፕሮግራሙን ይፋ አደረገ። ወጣት ሊጉም በእሱ ሥር የተደራጀ ነው። አባሎቹ በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ ስልክ ይዘው የምታዩዋቸውን ልጆቻችሁን አስቡ። በዚያ ዕድሜ ያሉ ናቸው።

ምን ጠየቁ? ባጭሩ፦ መሬት ለአራሹ። ለሠራተኛው የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት። ለድሃ ልጅ የሚደርስ ትምህርት። የሴቶች እኩልነት። የብሔር ብሔረሰቦች መብት እስከ መገንጠል። ከሁሉ በላይ ሁለት ነገሮች፦ በወታደሩ ፋንታ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት፣ እና ያለ ገደብ የመናገር፣ የመጻፍ፣ የመደራጀት መብት።

አጎቴ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ሥራቸው ምን እንደነበር ስጠይቀው የነገረኝ ጀግንነት አይደለም። በጥናት ክበብ አምስት ሆነው ያነባሉ፣ በኅቡዕ ስም ይጠራራሉ፣ ወረቀት ያባዛሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ሌሊት ግድግዳ ላይ መፈክር ይጽፋሉ። "ከሁሉ የከበደኝ ወረቀት መበተኑ አልነበረም። ለእናቴ የት እንዳመሸሁ መዋሸቱ ነበር" ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከዝርዝሩ ምን ተፈጸመ?

ብዙ ሰው ሲሰማ ይገርመዋል፣ ብዙው ተፈጽሟል። ያውም በጠላታቸው እጅ። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ደነገገ። ጭሰኝነት በአንድ አዋጅ ቀረ። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ከዚያ በፊት ከታኅሣሥ 1967 ጀምሮ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደዋል። በኋላም በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፣ ዩኔስኮም ሸለመው። ያንን የተማሩ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ስማቸውን የሚፈርሙት በዚያ ትምህርት ነው።

ታዲያ የጠየቁትን ካገኙ ለምን ሞቱ?

ያልተሰጣቸው አንድ ነገር ስለነበረ ነው። ደርግ መሬቱን ሰጠ፣ ፊደሉን ሰጠ፣ የመናገርና የመደራጀት መብትን ግን አልሰጠም። ለሠራተኛው አንድነት ማኅበር በ1968 መጀመሪያ የመጣለት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፣ ማኅበሩም ፈረሰ። ያ መብት ሲጎድል የቀሩት ስጦታዎች ምን እንደሆኑ ተመልከቱ። ገበሬው ከባለርስቱ ተላቀቀ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲያቀርብ ተገደደ። "ዋጋው አነሰ" የሚልበት የራሱ ማኅበር አልነበረውም። የገበሬ ማኅበሩ የመንግሥት ነበርና። ከዚያም የሰፈራና የመንደር ምሥረታ ዘመቻዎች መጡ፣ ብዙው ሳይጠየቅ ተነቀለ። የወጣቱስ? መንግሥት ራሱ የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር (አኢወማ) ብሎ ከላይ ወደ ታች አደራጀው። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፣ አፈሳው በየሰፈሩ ተከተለ። ያ የተደራጀ ወጣት "አንሄድም" የሚልበት መድረክ ግን አልነበረውም። ከላይ የተሠራ ወጣት ክንፍ ትእዛዝን ወደ ታች ያወርዳል፣ እሮሮን ወደ ላይ አያወጣም።

እዚህ ላይ "ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የደርግ ነው" ብዬ ብዘጋው ደስ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ግን ታሪኩ በዚያ አያልቅም።

በዚያው ዘመን መኢሶን የሚባል ሌላ ፓርቲ ነበር። ከዚያው የተማሪ እንቅስቃሴ የወጣ፣ ያንኑ መጽሐፍ ያነበበ፣ ያንኑ መሬት ለአራሹን የጮኸ። የሁለቱን የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ጥያቄዎች ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። የተለያዩት በቅደም ተከተሉ ነው። መኢሶን "ከደርጉ ጋር እየሠራን ሕዝቡን እናደራጅ፣ እናስታጥቅ፣ ሥልጣኑ በኋላ ይመጣል" አለ። ኢሕአፓ "መጀመሪያ ሕዝባዊ መንግሥት፣ መጀመሪያ ዴሞክራሲ" አለ። በ1968 ክርክሩ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ጭምር ይካሄድ ነበር። እስቲ አስቡት፣ በጋዜጣ! ሁለቱም የየራሳቸውን ጽፈው ሕዝቡ ያነብ ነበር። በዚያው ቢቀጥል ኖሮ ስንት ሰው ዛሬ አያት በሆነ።

አልቀጠለም። በመስከረም 1969 በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። በዚያው ሰሞን ከመኢሶን ሰዎች ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። ኢሕአፓ የከተማ ስኳድ አሰማራ፣ የቀበሌ ሹማምንትና ካድሬዎች ተገደሉ። ደርግም የቀበሌ ጥበቃዎችን አስታጥቆ ቤት ለቤት አሰሳ ጀመረ። በሚያዝያ 1969 መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ሲሰብር ሁላችሁም በፊልም አይታችሁታል። በዚያው ወር 21ኛው ቀን ማታ፣ የሜይ ዴይ በዓል ሊከበር ሲል፣ በአዲስ አበባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። ብዙዎቹ የሊጉ ልጆችና ከእነሱ ጋር የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። አስከሬን መንገድ ላይ ተጣለ። ማልቀስ ተከለከለ። መኢሶንም አልተረፈም። በነሐሴ 1969 ከደርግ ጋር ተጣልቶ ኅቡዕ ሲገባ ያው ሰይፍ በእሱም ላይ ወረደ።

የገዳዩና የተገዳዩ ኃላፊነት እኩል ነው እያልኩ አይደለም። መንግሥት እስር ቤት፣ ጦርና ሬዲዮ ነበረው። ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱን በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፣ በሙታን ላይ ምሳር ማንሣት አልፈልግም። ነገር ግን ለዛሬ ወጣት አንድ ነገር መነገር አለበት። ገደብ የሌለው ዴሞክራሲ ከደርግ ሲጠየቅ፣ በፓርቲው ውስጥ "የከተማው ትጥቅ ትግል ትክክል አይደለም" ያሉ ሰዎች "አንጃ" ተባሉ። ጌታቸው ማሩ ከፓርቲው መሪዎች አንዱ ነበር። የተገደለው በራሱ ፓርቲ ሰዎች እጅ ተይዞ ሳለ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ዝርዝሩን በቃሉ ያውቃል፣ መንገዱን የሚወስኑት ግን ከላይ ያሉት ናቸው፣ እሱም አይጠየቅም። ሲሞት የሚቀድመው ግን እሱ ነው።

የተረፉት ተሰደዱ። አጎቴ ከጎንደር በመተማ በኩል በእግሩ ሱዳን ገባ። ገዳሪፍንና ካርቱምን የሞላው የዚያ ትውልድ ስደተኛ ነበር። አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕጓን ስታወጣ ብዙዎቹ ከሱዳን በዚያ በር አለፉ። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ብዙ ሽማግሌዎቻችን የዚያ ሊግና የዚያ ፓርቲ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ከአንድ መኢሶን ከነበረ የሰፈራቸው ልጅ ጋር እስካሁን ሰላም አይባባሉም። ስደታችንን የወለደው ያ ጠብ ነው፣ እኛም ይዘነው ተሰደድን።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የወጣት ክንፍ አትመሥርቱ አልልም። ወጣት ካልተደራጀ ማን ይደራጃል? የምላችሁ፣ ወረቀቱን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ዝርዝሩ ሁሌም ያምራል። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፦ ይህን ቅድሚያ ማን መረጠው? እናንተ ተሰብስባችሁ ነው ወይስ ከላይ ተጽፎ መጣ?

ሁለተኛ፦ ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ "ይህ መንገድ ስህተት ነው" ቢል ምን ይባላል? አባል ይባላል ወይስ አንጃ?

ሦስተኛ፦ ይህንኑ ዝርዝር የያዘ ሌላ ድርጅት ቢኖር አብራችሁት ትሠራላችሁ ወይስ ዋና ጠላታችሁ እሱ ይሆናል?

ለሦስቱም ጥሩ መልስ ካገኛችሁ ግቡ፣ እኔም እከተላችኋለሁ። መልሱ "አሁን ጊዜው አይደለም" ከሆነ ግን ያን መልስ ከእናንተ በፊት የሰሙ ልጆች ፎቶ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተደርድሯል። ስንቶቹ ገና ጢም አላበቀሉም።

ቤታችሁ ያ ዘመን ያለፈበት አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም አክስት ካለ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው። የየትኛው ወገን እንደነበሩ ሳይሆን ያኔ ምን ለመለወጥ እንደፈለጉ ጠይቋቸው። የነገሯችሁንም እዚህ ሥር ጻፉልን፣ ስም ሳትጠቅሱ።

ሰላም ያገናኘን።