ከሜዳ እስከ ስብሰባ ጠረጴዛ፦ የይድነቃቸው ተሰማ መንገድ



የሥራ አመራር ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንድ ነገር ይገጥመናል። በቁጠባውም በንግዱም የተመሰገኑ እህቶቻችን ለኮሚቴ ሲጠቆሙ «እኔ ሥራዬን ልሥራ፤ ስብሰባውን ለሚችሉት ተዉት» ይላሉ። ከንፋስ መውጫም፣ ከወገዳም፣ ከመካነ ኢየሱስም የምንሰማው ይኸንኑ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ከኳስ ሜዳ ተነሥተው ለአህጉር መሪነት ስለበቁ አንድ ሰው ልናወጋችሁ ወደድን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጃቸው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረው በወጣትነታቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብን ማልያ ለበሱ። ለክለቡም ለብሔራዊ ቡድኑም ረጅም ዘመን ተጫውተዋል። መጫወቱ ብቻ ግን አልበቃቸውም፤ የኢትዮጵያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ።

በ1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ማኅበሩ ገና ሲወለድ ከዋንጫው በፊት ደንቡን አስቀደመ።

በ1954 ዓ.ም. ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። በዚያን ጊዜ አቶ ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ነበሩ። ኢትዮጵያ በፍጻሜው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አገራችን እስከ ዛሬ ያገኘችው የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው አንዱ ነው።

እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ግን ከዋንጫው ይልቅ ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ይገርመናል። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ አልሰጠም ነበር፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር ደግሞ እንዲጋጠም ተወሰነ። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን «ድርሻችን ይሰጠን» ብለው ተነሡ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ቅጣት ቢጣልባቸውም አልተመለሱም። በ1962ቱ ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄደችበት። ዛሬ ቀጥተኛው ቦታ ዘጠኝ ደርሷል።

አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ሆነው፣ የዘር መድልዎ እስኪቀር ደቡብ አፍሪካ ከውድድር እንድትታገድ ታግለዋል።

«ይህ የወንዶች ወግ ነው» የምትል እህት ብትኖር ደራርቱ ቱሉን እንጠቅስላታለን። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ፣ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆና ነበር። ሩጫውን በእግሯ የምታውቅ ሴት የሯጮቹን ጉዳይ ልትወስን ተቀመጠች።

በእኛም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። የብድሩ ጣሪያ ስንት እንደሚሆን፣ ወለዱ ምን ያህል እንደሆነ፣ የመክፈያው ቀን ገብሱና ድንቹ ሳይሰበሰብ ይሁን ከተሰበሰበ በኋላ፣ ሁሉም በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መኸር መቼ እንደሚገባ የምታውቅ ሴት ከሌለች፣ ቀኑ ያለ እሷ ይቆረጣል፤ እሷም በሬዋን ወይም በጓን ሸጣ ትከፍላለች።

ጽሕፈት የማትችል እህት እንዳትሰጋ፤ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ አለን፣ መዝገቡንም ጮክ ብለን እናነባለን። ደጋፊዎቻችንም ለኮሚቴ አባላት ሥልጠና ብታግዙን ገንዘባችሁ ሥራ ላይ ይውላል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ስማችሁ ሲጠራ፣ እህቶቻችን፣ እባካችሁ እሺ በሉ።