የቀረፋ ብስኩት ለቡና ቁርስ፦ በቤታችን፣ በሐላል ግብዓት

ቡና ሲፈላ አብሮት የሚቀርብ ነገር አይጠፋም። ቆሎው፣ ዳቦው፣ ፈንዲሻው ሁሉ የቡና ቁርስ ነው። በተለይ በወሎ ቡና ከዱዓ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሦስተኛው ስኒም ስሙን ያገኘው «በረካ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። እንዲህ ባለው መቀማመጫ የምናቀርበው ምግብ ከየት እንደመጣ ብናውቅ መልካም ነው። በሱረቱል በቀራህ 2፥168 የታዘዝነው ሐላል የሆነውን ብቻ ሳይሆን ጠይብ (መልካም) የሆነውንም እንድንመገብ ነው።

የታሸገ ብስኩት ስንገዛ ምን እናጣራ?

በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ የምንኖር ሦስት ነገሮችን ማየት አለብን።

1. ስብ፦ ማሸጊያው ላይ «የእንስሳት ስብ» ከተባለ የየትኛው እንስሳ እንደሆነና እንዴት እንደታረደ መጠየቅ ይገባል። የአሳማ ስብ ሊሆንም ይችላል።

2. ኢ471፦ ዘይትና ውሃን የሚያዋህድ ንጥረ ነገር ነው። ከዕፅዋትም ከእንስሳትም ስለሚሠራ ቁጥሩ ብቻውን ምንጩን አይናገርም።

3. ቫኒላ፦ ፈሳሹ የቫኒላ ጭማቂ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በአልኮል ነው። በአሜሪካ ደንብ አልኮሉ ከ35 በመቶ ማነስ የለበትም። ዑለሞች በጉዳዩ ላይ የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም፣ ከጥርጣሬ መራቅ ለሚፈልግ ቀረፋው ብቻውን በቂ መዓዛ ይሰጣል።

ቤት ስንጋግር ግን ሁሉንም የምንለካው በእጃችን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ወደ 30 ብስኩት)

- 250 ግራም የፍርኖ ዱቄት
- 125 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ
- 100 ግራም ስኳር
- 1 እንቁላል
- 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ
- 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር
- ትንሽ ጨው
- ከላይ ለመነስነስ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ከ1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ጋር

አዲስ አበባና ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያሉ ናቸው። በእንዲህ ያለ ከፍታ ሊጡ ቶሎ ስለሚነፋ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ ሦስት አራተኛ ማንኪያ እንቀንሳለን።

አዘገጃጀት

«ቢስሚላህ» ብለን ቅቤውንና ስኳሩን ነጣ እስኪል እንመታለን፤ እንቁላሉን እንጨምራለን። ዱቄቱን፣ ቀረፋውን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን ነፍተን እንቀላቅላለን። ሊጡ እንደተያያዘ ማሸት እናቆማለን፤ ብዙ ከታሸ ብስኩቱ ይደርቃል። ሸፍነን ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ እናሳርፈዋለን።

ከዚያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ድረስ ዳምጠን በብርጭቆ አፍ እንቆርጣለን፤ ስኳርና ቀረፋውን እንነሰንስበታለን። ቀድሞ በጋለ 180 ዲግሪ ኦቨን ከ10 እስከ 12 ደቂቃ እንጋግራለን። ጠርዙ ቀላ ሲል እናወጣለን። ትኩስ እያለ መሐሉ ይለሰልሳል፤ አልበሰለም ብለን መልሰን ከከተትነው ይደርቃል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጠነክራልና። ኦቨን የሌለው ወፍራም ድስት ውስጥ ማስቀመጫ አድርጎ፣ ከድኖ ካጋለ በኋላ በዝቅተኛ እሳት 20 ደቂቃ ያህል መጋገር ይችላል።

ስለ ቀረፋው

ቀረፋ የዛፍ ቅርፊት ነው። የሲሎን የሚባለው ስስ ሆኖ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ሲሆን፣ ካሲያ የሚባለው ወፍራምና ጠንካራ ነው። ካሲያ ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ ይህም ሲበዛ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በየቀኑ ማብዛት አይመከርም። እንጨቱን ገዝተን ቤት ብንወቅጠው መዓዛው ይበልጥ ይጠነክራል።

ጎረቤት እንዳይቀር

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መረቅ የሠራ ሰው ውሃውን አብዝቶ ጎረቤቱን እንዲያስብ መክረዋል። ቡና ደግሞ ያለ ጎረቤት አይጠጣም። ክርስቲያን ጎረቤታችን ጾም ላይ ከሆነች ቅቤውን በ100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ እንቁላሉን በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ እንተካለን። ብስኩቱ ትንሽ ፈርፈር ቢልም እሷም ሳትሳቀቅ አብራን ትቀምሳለች።

የተረፈው በደንብ በሚከደን ዕቃ አንድ ሳምንት ይቆያል። አላህ በማዕዳችን ላይ በረካ ያድርግልን።