ደብዳቤና ሰሌዳ፤ በኢሜይል ውስጥ የሚታደስ የጋራ ጽሑፍ አጭር ታሪክ

የአንድ ሆስፒታል ክፍል የወሩን የተረኛ ሐኪሞች ዝርዝር በኢሜይል ለሃያ ባለሙያዎች ቢልክ በዚያው ቅጽበት ሃያ ቅጂዎች ይፈጠራሉ። አንዱ ሐኪም ተራውን ከሌላው ጋር ሲለዋወጥ የተስተካከለው ዝርዝር ዳግመኛ ይላካል፤ በሳምንቱ ሦስተኛው ይከተላል። ቅዳሜ ሌሊት የሚጠራውን የቀዶ ሕክምና ተረኛ የሚፈልግ ነርስ ከሦስቱ የትኛውን እንደከፈተ ግን የሚያውቅ የለም። ይህ እንደ ተራ እንከን ሊታይ አይገባም፤ ኢሜይል ሲፈጠር ጀምሮ ያለው ጠባይ ነው። ደብዳቤ ይላካል፣ ይደርሳል፣ ከደረሰ በኋላ አይለወጥም። በመልእክቱ ውስጥ ያለ ዝርዝር ወይም ሠንጠረዥ በላኪውም በተቀባዮቹም እጅ እየታረመ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚታደስበት አሠራር ወደ መሥሪያ ቤቶች ኢሜይል የገባው በቅርብ ዓመታት ነው። ሐሳቡ ግን ከኢሜይል ራሱ ይቀድማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም መሐንዲስ በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ የኮምፒዩተር ጉባኤ ላይ ዘጠና ደቂቃ የፈጀ ትዕይንት አቀረበ። ትዕይንቱ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ማውዝ ለሕዝብ በመታየቱ ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላው ክፍል ነው። ኤንግልባርት ከመድረኩ ሆኖ፣ በሜንሎ ፓርክ ከነበረ የሥራ ባልደረባው ጋር አንድ ዓይነት ጽሑፍ በአንድ ጊዜ እያዩ፣ እየተነጋገሩና እየጠቆሙ ሠሩ። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ወደ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጽሑፉ ከአንዱ ወደ ሌላው አልተላከም፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁለቱም ወደ እርሱ መጡ። ደብዳቤ ሳይሆን ሰሌዳ ነበር ማለት ነው።

በቀጣዮቹ ዓመታት ይኸው ቡድን «ጆርናል» የተባለ ክፍል ጨመረ። በጋራ የሚሠራበት ጽሑፍ እንደ አስፈላጊነቱ ሲታረም፣ ወደ ጆርናሉ የገባው ግን ቁጥር ይሰጠውና ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ሰሌዳውን የፈለሰፉት ሰዎች ሰሌዳ ብቻውን እንደማይበቃ ቀድመው ማየታቸው ከትዕይንቱ ያላነሰ ክብር የሚገባው ነው። በዚያው በ1968 ዓ.ም. ሎረንስ ዊድ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በችግር ላይ የተመሠረተውን የሕክምና መዝገብ አያያዝ በታተመ ጽሑፋቸው አስተዋወቁ። በካርዱ ፊት የታካሚው ችግሮች በቁጥር ይዘረዘራሉ፤ ዝርዝሩም እንደ ሁኔታው ይታደሳል። ከእርሱ በስተኋላ ያሉት የዕለት ማስታወሻዎች ግን ቀንና ፊርማ ይዘው ባሉበት ይቆያሉ። መሐንዲሱና ሐኪሙ በየበኩላቸው የደረሱበት ክፍፍል አንድ ነው።

የኢሜይል ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል መልእክት ሲልክ፣ የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም ለመለየት @ የሚለውን ምልክት መረጠ። በ1982 የወጣው የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብም ይህንኑ የደብዳቤ ጠባይ አጸና፤ መልእክቱ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተቀመጠ ይተላለፋል፣ ላኪና ተቀባይ በአንድ ጊዜ መገናኘት አያስፈልጋቸውም። የኢሜይል ጥንካሬም ከዚህ ይመነጫል። የልብ ሐኪሙ በርናርድ ላውን የመሠረቱት ሳተላይፍ የተባለ ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ያሉ የጤና ባለሙያዎችን ያገናኘው በዚሁ ዘዴ ነበር። ትንሿ ሳተላይት በሰማይ ስታልፍ ደብዳቤዎችን ተቀብላ ይዛ ትሄዳለች፣ ሌላ ቦታ ስትደርስ ታወርዳለች። የማያቋርጥ መስመር የሚጠይቅ ሰሌዳ ቢሆን ኖሮ በዚያን ጊዜ ከእነዚህ ጣቢያዎች ለብዙዎቹ የሚታሰብ አልነበረም።

በ1992 በደብዳቤ ላይ ፋይል ማያያዝ የሚያስችለው ደንብ ሲወጣ የቅጂዎቹ መብዛት ባሰ። ሕይወት ያለው ነገር በደብዳቤ ውስጥ ለመላክ የነበረው ፍላጎትም ቶሎ ተቀጨ። በማርች 1999 ሜሊሳ፣ በሜይ 2000 ደግሞ አይ ላቭ ዩ የተባሉት የኮምፒዩተር ቫይረሶች በኢሜይል አባሪ ተጉዘው ዓለምን ካመሱ በኋላ፣ በመልእክት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ፕሮግራም ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይ ሆነ።

በሌላ በኩል የጋራ ጽሑፍን ዋና እንቆቅልሽ የሚፈታው ሥራ ተጀምሮ ነበር። አንድ የመድኃኒት ዝርዝር ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያርሙት ይታሰብ። ነርሷ በሁለተኛው መስመር ላይ አዲስ መድኃኒት ትጨምራለች፤ ሐኪሙ በዚያው ሰከንድ አምስተኛውን ይሰርዛል። የነርሷ ጭማሪ ቀድሞ ከደረሰ አምስተኛው መድኃኒት ስድስተኛ ሆኗል፤ ኮምፒዩተሩ የሐኪሙን ትእዛዝ እንደ ወረደ ቢፈጽም የሚሰረዘው ሌላ መድኃኒት ነው። ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ በ1989 ያቀረቡት ዘዴ እያንዳንዱን እርማት ከእርሱ ቀድሞ በደረሰው እርማት መጠን አስተካክሎ የመፈጸም ዘዴ ነው። ኋላ የመጡት ብዙ የጋራ መጻፊያዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ቆመዋል።

ይህንን ዘዴ ወደ ኢሜይል ለማምጣት በድፍረት የተሞከረው በሜይ 2009 ጉግል ዌቭ ይፋ ሲሆን ነው። ላርስና ዬንስ ራስሙሰን የተባሉ ወንድማማቾች የመሩት ቡድን የተነሳበት ጥያቄ «ኢሜይል ዛሬ ቢፈጠር ምን ይመስል ነበር?» የሚል ነበር። መልእክቱ በአንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ የተጋበዘው ሁሉ በማናቸውም መስመር ላይ ይጽፋል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ደግሞ ጽሑፉ እንዴት እንዳደገ እንደ ፊልም ከመጀመሪያው እያጫወተ ይመለከታል። ይህ የመጨረሻው ክፍል እጅግ ብልህ ነበር። ሆኖም ተጠቃሚው እያንዳንዱ ፊደል ሲተየብ ለሌሎች መታየቱን አልወደደውም፤ ከሁሉ በላይ ዌቭ ከተለመደው ኢሜይል ጋር ደብዳቤ መለዋወጥ ስለማይችል ገብቶ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው በዛ። በኦገስት 2010 ልማቱ መቆሙ ተነገረ፤ በኤፕሪል 2012 ተዘጋ።

በ2019 ጉግል በጂሜይል ውስጥ የሚታደስ ይዘት ፈቀደ። ያ ክፍል ከደረሰ ከሠላሳ ቀን በኋላ ወደ ተራ ጽሑፍ ይመለሳል፤ አቅሙም ይበልጥ ለንግድ መልእክቶች ያዘነበለ ነው። የሥራ ኢሜይልን በይበልጥ የነካው ማይክሮሶፍት በ2019 ፍሉይድ ብሎ የጀመረውና በ2021 ሉፕ ብሎ የሰየመው ነው። በ2022 ወደ አውትሉክ ገባ። ሠንጠረዡ ወይም ዝርዝሩ ደብዳቤው ውስጥ ያለ ቢመስልም በእውነቱ በላኪው የዋንድራይቭ ማከማቻ የተቀመጠ ፋይል ነው፤ ደብዳቤው ወደ ፋይሉ የሚመለከት መስኮት ብቻ ነው። መስኮቱ በብዙ ሰው ፖስታ ሣጥን ቢከፈትም ከጀርባው ያለው ሰሌዳ አንድ ነው።

በዚህም ቅዳሜ ሌሊት የሚጠራውን ሐኪም የሚፈልገው ነርስ ችግር ይቃለላል። አንድ የሚታደስ ዝርዝር ለሕክምና ሥራ ያለው ጥቅምም በግምት ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የዙርና የርክክብ ዝርዝር በጋራ ኮምፒዩተር ሲያዝ በዙር ላይ የሚረሱ ታካሚዎች ቁጥር በግማሽ ቀንሷል። በ2014 የታተመውና በዘጠኝ ሆስፒታሎች የተካሄደው የአይ-ፓስ ጥናት ደግሞ የቃልና የጽሑፍ ርክክቡ ሥርዓት ሲይዝ የሕክምና ስህተቶች በ23 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል።

ጥያቄው የሚነሳው ዝርዝሩ ትእዛዝ ሲሆን ነው። የኩላሊት ሥራው የደከመ ታካሚ የጄንታማይሲን መጠን በሚታደስ ሠንጠረዥ ላይ ምሽት በ3 ሰዓት ቢጻፍ፣ በ5 ሰዓት ቢቀነስ፣ ተረኛው ሐኪም ደግሞ በ4 ሰዓት አንብቦ ቢያዝ፣ በማግስቱ ደብዳቤውን የሚከፍት ሁሉ የሚያየው የተቀነሰውን ነው። ፋይሉ የቀድሞ ቅጂዎችን ታሪክ ስለሚይዝ ምን ተጽፎ እንደነበር ማግኘት ይቻላል፤ ሐኪሙ በ4 ሰዓት ያየው የትኛውን እንደነበር ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። በወረቀት ካርድ ላይ ስህተት በአንድ መስመር ተሰርዞ ከሥሩ እየተነበበ፣ በፊርማና በቀን እንዲታረም የሚደረገው ለዚሁ ነበር።

ከ1994 ጀምሮ የወረርሽኝ ወሬ በኢሜይል የሚያሰራጨው ፕሮሜድ የጆርናሉን መንገድ መርጧል። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2003 በቻይና ጓንግዡ ስላለ ያልታወቀ በሽታ የሚጠይቅ አጭር መልእክት ለአባላቱ አደረሰ፤ በሽታው ኋላ ሳርስ ተባለ። አዲስ መረጃ ሲመጣ የመጀመሪያው መልእክት አልተነካም፤ ተከታዩ በራሱ ቁጥርና ቀን ተላከ። ማን ምን መቼ እንደሰማ መከታተል የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሉፕ ሰሌዳ ዕድሜ ደግሞ በላኪው ማከማቻ ዕድሜ የተወሰነ ነው። ላኪው ሥራ ለቆ የኮምፒዩተር መለያው ሲሰረዝ፣ መሥሪያ ቤቱ ሌላ መመሪያ ካልሰጠ በቀር ማከማቻው የሚቆየው ሠላሳ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በሃያው ሰው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ይገኛል፤ መስኮቱ ግን የሚያሳየው ነገር የለውም።