ደምቢያ ያስተማረችው ሙያ

ታማሚን እየመከሩ፣ እያለማመዱና እየተከታተሉ ራሱን በራሱ እንዲጠብቅ ማብቃት ዛሬ በከፍተኛ የነርሲንግ ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኗል። ስለ ጉዳዩ ሲወራም ሰሞኑን ከውጭ የገባ ዕውቀት ይመስላል። ወደ ኋላ ሄዶ ለሚያይ ግን ምክር በኢትዮጵያ ዘመናዊ ነርስነት ገና በእግሩ ሳይቆም የሥራው እምብርት እንዲሆን ታስቦ ነበር። በመካከሉ የላላው ምክሩን ከአንድ ታማሚና ከአንድ ቀጠሮ ጋር የሚያስረው አሠራር ነው። ያለፉት ሰባ ዓመታት እንደሚያሳዩት ከሆነ፣ ምክር በጅምላ ለሕዝብ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ከጆሮ አያልፍም፤ ከአንድ ሰው ሕመም ጋር ተያይዞ በየቀጠሮው ሲመለስ ግን የሰውየውን ኑሮ ይለውጣል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም አላሠለጠነም። ያሠለጠነው አንድ ላይ ሆነው ወደ ገጠር የሚወጡ ባለሙያዎችን ነበር፦ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን። መኮንኑ ጤና ጣቢያውን ይመራል፣ ያክማል፤ ሳኒቴሪያኑ ውኃውን፣ ቆሻሻውንና መጸዳጃውን ይከታተላል፤ ነርሷ ደግሞ ወደ ቤት ትገባለች፤ ነፍሰ ጡሯን፣ አራሷንና ሕፃኑን ታያለች። ተማሪዎቹ ሥራውን ከተለማመዱባቸው ቦታዎች አንዱ ወረርሽኙ ባለፈበት በዚያው በደምቢያ የሚገኘው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ነው። የሥራ ክፍፍሉ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ሐሳብ አለበት። በሆስፒታል ታማሚው የራሱን ልብስ አውልቆ፣ በሰው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ የታዘዘውን ይሰማል። በቤቱ ግን ባለቤቱ እሱ ነው፤ ነርሷ እንግዳ ናት። መደብ ላይ ተቀምጣ ቡና ሲቀርብላት፣ እንስራው ክዳን እንዳለውና እንደሌለው፣ ጥጃው ከሕፃኑ ጋር አንድ ቤት ማደር አለማደሩን፣ አማቲቱ ምን እንደምትል በዓይኗ ታያለች፣ በጆሮዋ ትሰማለች። እንግዳ ደግሞ አያዝም። ቢበዛ ይጠይቃል፣ ያሳያል፣ ተመልሶም ይመጣል። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ታማሚን የማለማመድ ጥበብ ተብሎ የሚተነተነው ነገር አብዛኛው እዚያ መደብ ላይ ያለ ነው።

የአማርኛችን ቃላትም ስለዚህ ነገር የሚሉት አላቸው። ነርስ ከመምጣቷ በፊት ታማሚ አጠገብ የነበረው አስታማሚ ነው፤ ዛሬም ድረስ በየሆስፒታሉ በር ጀሪካንና የምግብ ሣህን ይዞ የሚጠብቀው እሱ ነው። አስታማሚ ደመወዝ የለውም፣ ሥልጠና የለውም፣ ነገር ግን ታማሚው ቤቱ ሲገባ መድኃኒቱን የሚያስታውሰው፣ ወይም «ይቅርብህ፣ ፀበል ይሻልሃል» የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ እኛ አገር ታማሚን ብቻ ነጥሎ መምከር ግማሽ ሥራ ነው። ሁለተኛው ነገር በመምከርና በመመካከር መካከል ያለው ልዩነት ነው። መካሪ ይናገራል፣ ተመካሪ ያዳምጣል፤ በምክክር ግን ሁለቱም አፍ አላቸው። በሕክምና ቤቶቻችን የተለመደው ስም «የምክር አገልግሎት» መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሙያው ራሱ መከበር የጀመረው በቅርቡ መሆኑም አይዘነጋ፦ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት መማራቸው ያን ያህል የተወራው የሰው ቁስል ማጠብ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይታይ ስለነበር ጭምር ነው።

የጎንደሩ ሐሳብ እንደተጀመረ አልቀጠለም። በ1978 ኮሌጁ በምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ስለነበር በዚህ የሚወቀስ የለም። በዚያው ዓመት በአልማ አታ የታወጀው የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ መርሕ በደርግ ዘመን የጤና ወኪሎችንና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆችን አመጣ፤ ብዙዎቹ ግን ያለ ክፍያና ያለ በቂ ድጋፍ ስለቀሩ ሥራውን ተዉት። ከዚያ በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ በጥቂት ዓመታትም ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ይዘው የወጡት 16 ፓኬጅ ነበር፤ ከመጸዳጃ ቤት እስከ ክትባት፣ ከወባ እስከ ቤተሰብ ዕቅድ። በጎንደር የታሰበው የቤት ለቤት ጉብኝት እንደገና ተነሣ፣ ያውም ኮሌጁ ካለመው በላይ በሰፊው። ግን ፓኬጅ ፓኬጅ ነው፤ ማን ምን እንደታመመ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ታስሮ የተዘጋጀ ነው። ትምህርቱን የጨረሰ ቤት «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ተመረቀ። ሰው ግን ከሕመሙ አይመረቅም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊቆጣ ይችላል፤ መብትም አለው። ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት ከ1990 አንፃር በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን የምዕተ ዓመቱን ግብ ከቀነ ገደቡ ከ2015 አስቀድማ መምታቷ በይፋ ተነግሯል፤ ለዚህ ውጤት እነዚያ ወጣት ሴቶች የዋሉት ውለታ አይካድም። በጅምላ የተነገረ ምክር ካልሠራ ይህ ከየት መጣ? መልሱ ከምክሩ ዓይነት ላይ ነው። ልጅን ማስከተብ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር አንድ ጊዜ ወይም ጥቂት ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ሁሉም ቤት ያንኑ ያደርጋል፤ ጎረቤት ለጎረቤት እየተያየም ይሄዳል። እንዲህ ላለው ሥራ አንድ ዓይነት መልእክት ይበቃል። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ፣ ማንም ሳያይ መደረግ ያለበት ነገር ሲመጣ ግን ስብሰባ ላይ የተባለው አይበቃም። የኢትዮጵያ የጤና ታሪክ አዲስ ምዕራፍ የሚጀምረውም ታማሚው የማይድን ነገር ግን የሚኖር ሰው ሲሆን ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ኤችአይቪ ነበር። ነፃ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በ2005 ሲጀመር ክኒኑን ማደል ከሥራው ቀላሉ ነበር፤ ከባዱ በየቀኑ በሰዓቱ እንዲዋጥ ማድረግ ነው። ነርሶችና ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ረዳቶች ከታማሚው ጋር እየተቀመጡ የትኛው ሰዓት እንደሚመቸው፣ ክኒኑን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ከቤተሰቡ ማን እንደሚያውቅ መነጋገር ነበረባቸው። የሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ነርሶች እንዲይዙት ሲደረግ ዋናው ምክንያት ርቀት ነበር፤ ታማሚው ለአንድ ወር መድኃኒት ብሎ እስከ ሆስፒታል በእግሩ ሊሄድ አይችልም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፤ ድንገት ሲቋረጥ ግን ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ነርሱ ታማሚዋን «አታቋርጪ» ብሎ ማለፍ አይችልም። ምድጃ አጠገብ ብቻዋን እንዳትቀመጥ፣ ወንዝ ብቻዋን እንዳትወርድ፣ ፀበል ብትሄድ ክኒኑን ይዛ እንድትሄድ፣ ስትወድቅም ሰው «ይጋባል» ብሎ ከመሸሽ ይልቅ ከእሳቱ እንዲያርቃት ከእሷም ከእናቷም ጋር ይመካከራል። እሳት ላይ የወደቀ ሰው ጠባሳ ያየ፣ ይህ ምክር ከክኒኑ እኩል መድኃኒት መሆኑን ይረዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳኝ ግን ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። በደጋው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ እንደሚመጣ በኢትዮጵያ ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ አሳይቷል። አይተላለፍም፤ ሆኖም ታማሚው ከሠርግም ከለቅሶም ይገለላል። ሕክምናው ሣፋ ውስጥ ነው፦ ውኃ ይቀርባል፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ይደረግበታል፣ እግሩ ይዘፈዘፋል፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በሳሙና ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ከዚያ ካልሲና የተዘጋ ጫማ። በየቀኑ። ማንም ባለሙያ ይህን ለሌላ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊያደርግለት አይችልም፤ ማለማመድና መከታተል ብቻ ነው የሚቻለው። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2018 በታተመ ጥናት፣ ይህን ልምድ የያዙት ሰዎች ትኩሳትና ሕመም ያለበት የእግር ማገርሸት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲያገኛቸው ሕክምናውን ገና ያልጀመሩትን 23.9 ጊዜ አግኝቷቸዋል። ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ነገር ግን በዓመት አራት ጊዜ ያህል ከአልጋ መትረፍ፣ በዘር ወይም በአጨዳ ሰሞን ከሆነ፣ ለገበሬ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ይህ ሁሉ የድሃ አገር ማካካሻ ነው፤ ሐኪም ቢኖር ነርስ ለምን ትመክራለች?» የሚል ክርክር አለ። ሐኪምም ሆስፒታልም ያልጎደላት ቦስተን ለዚህ መልስ ናት። የስኳር ሐኪሙ ኤሊዮት ጆስሊን ገና በ1918 ለሐኪሙም ለታማሚውም የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ፤ በነሐሴ 1922 ኢንሱሊን መጀመሪያ የወጋት ታማሚው ኤልዛቤት መጅ ራሷ ነርስ ነበረች። ከዚያ በኋላም ወደ ታማሚዎች ቤት እየሄዱ መርፌውን፣ ምግቡንና የሽንት ምርመራውን የሚያለማምዱ ነርሶችን አሰማራ። አዲሱ መድኃኒት የምክርን አስፈላጊነት አልቀነሰም፤ እንዲያውም አበዛው፤ ኢንሱሊን ያለ ዕውቀት ከተወጋ ይገድላልና። ከሃምሳ ዓመት በኋላም በሎስ አንጀለስ የሕዝብ ሆስፒታል ታማሚዎች በስልክ ነርስ እንዲያገኙ ሲደረግ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው ሰው ቁጥር በብዙ ቀንሷል።

የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የጊዜ ነገር። በር ላይ ስድሳ ሰው ተሰልፎ ነርስ ከአንዱ ጋር ቁጭ ብላ ልትመካከር አትችልም ይባላል። እውነት ነው። ግን በየወሩ የሚመላለሰው ተመላላሽ ታማሚ አብዛኛው ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚመለስ ሰው ነው፤ ነጭ ጋዋን ፊት «እሺ» ብሎ መውጣት አክብሮት ነው፣ ጥያቄ ማንሣት ድፍረት ነው ብሎ ያደገ ነው። ይህን ዝምታ መክፈት የሚማሩት ጥበብ ነው፤ በተፈጥሮ ደግነት ብቻ አይመጣም። ስለዚህ ለነርሲንግ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች የምለው አንድ ነገር አለኝ፦ ተማሪ የደም ሥር አገኘች አላገኘችም ተብላ ክንድ ላይ እንደምትፈተን ሁሉ፣ ከአንድ ታማሚና ከአስታማሚው ጋር አስቀምጣችሁ አነጋገሯንም ፈትኑ። ከወር በኋላ ያ ሰው በቀጠሮው ሲመጣ፣ ያለፈውን ከእሱ አፍ ስሙና ውጤቷን ያን ጊዜ ስጡ።