ጠጠር የነቀላት ነጥብ፦ የመኪና ቀለም አጭር ታሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ማስታወቂያ የምታገላብጡ ከሆነ፣ ከሞተሩና ከኪሎሜትሩ ቀጥሎ አንድ ነገር አታጡም፦ «የፋብሪካ ቀለም፣ ምንም ያልተቀባ»። ገዢው ሲመጣ ደግሞ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ በሩን በብርሃን አቅጣጫ ያያል። ፓራፋንጎውን በጣቱ አጥንት ኳ ኳ ያደርጋል። ጠንቃቃው ማግኔት ይዞ ይመጣል። ማግኔቱ ላሜራውን አልይዝ ካለ ከሥር ስቱኮ አለ፣ ስቱኮ ካለ መኪናው ተጋጭቷል፣ ስለዚህ ዋጋ ይቀነስ!

ግን የተቀባ መኪና ሁሉ የተጋጨ አይደለም። አንዳንዱ ኮፈኑ ላይ ምስር የምታክል ቀለም በጠጠር ተነቅላበት፣ ባለቤቱ «ዓይኔ ውስጥ ገባች» ብሎ ጋራዥ ወስዶት፣ ቀቢው ደግሞ «ነጥቧን ብቻ ብንነካት ታስታውቃለች፣ ኮፈኑን ሙሉውን እንቀባው» ብሎት ነው። ቀቢው አልዋሸም፤ ነጥቧ እውነትም ታስታውቃለች። የምታስታውቅበት ምክንያት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና ከሰረገላ ነው የተወለደችው። ሞተሩ አዲስ ይሁን እንጂ አካሏን የሚሠሩትም የሚቀቧትም የሰረገላ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1907 ለዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ስትነዳ የመጣችው የመጀመሪያዋ መኪና የዚያ ዘመን ልጅ ናት። በዚያን ጊዜ ቀለም የሚሠራው በተልባ ዘይት ሲሆን በብሩሽ ይቀባል። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ፣ ቀስ እያለ ነው። አንድ ሽፋን ይቀባል፣ ቀናት ይጠበቃል፣ ይፈገፈጋል፣ ሌላ ይደረባል። በመጨረሻ ቫርኒሽ። አንዲት መኪና ተቀብታ እስክታልቅ ሳምንታት ትፈጃለች። ቫርኒሹ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቢጫል፣ ይሰነጣጠቃል፤ እንደገና መቀባት እንደ ዘይት መቀየር ያለ የተለመደ ወጪ ነበር። ስለዚህ በጠጠር የተነቀለች ነጥብ ማንንም አታስጨንቅም። ያው ብሩሽ፣ ያው ዘይት፣ ያው ሰውዬ።

ይህን ሰላም ያደፈረሰው ሄንሪ ፎርድ ነው። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ በሚባለው ፋብሪካው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ዘረጋ። የአንድ ሻሲ መገጣጠሚያ ጊዜ ከ12 ሰዓት በላይ የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ወረደ። አሁን አስቡት፦ መኪናው በሰዓታት ተገጣጥሞ ቀለሙ ሳምንታት ቢፈጅ፣ ፋብሪካው የመኪና ማድረቂያ መጋዘን ሆነ ማለት ነው። ሞዴል ቲ ከ1914 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ገደማ በጥቁር ብቻ የተሸጠው ለዚህ ነው ይባላል፤ አስፋልት የገባበት፣ በምድጃ የሚጋገር ጥቁር ቀለም ርካሽና ጠንካራ ነበር። ጥቁሩ ከሌሎቹ ቀለሞች በምን ያህል እንደሚፈጥን ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። የማያከራክረው፣ ማነቆው ቀለም መሆኑ ነው።

ማነቆውን የፈታው የባሩድ ፋብሪካ ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ዱፖንት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዋና እንጀራው ፈንጂ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ጭስ አልባ ባሩድ በገፍ ሸጧል። የዚያ ባሩድ ዋና ንጥረ ነገር ናይትሮሴሉሎስ ነው፦ ጥጥን በአሲድ በመንከር የሚገኝ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኩባንያው ለዚህ ሁሉ ዕውቀትና ማሽን ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። ናይትሮሴሉሎስ በማሟሟቻ ሲሟሟ ወደ ቀለምነት ይለወጣል፤ ችግሩ መወፈሩ ነው። ለመርጨት ካቀጠኑት የሚቀረው ሽፋን ስስ ይሆናል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የኩባንያው ኬሚስቶች ውፍረቱን መቀነስ ቻሉ፤ «ዱኮ» የተባለው ቀለም ተወለደ። በ1923 የጄኔራል ሞተርስ ቅርንጫፍ የነበረው ኦክላንድ መኪናውን ሰማያዊ ዱኮ አልብሶ አወጣ። ሳምንታት ወደ ሰዓታት ተቀየሩ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሀብታም ብቻ መሆኑ ቀረ። ጄኔራል ሞተርስ በ1927 ለውበትና ለቀለም ብቻ የሚሠራ ክፍል አቋቁሞ ሃርሊ ኧርልን ሾመበት፤ ፎርድም ጥቁር ብቻ የሚለውን ፖሊሲውን ትቶ ነበር።

በነገራችን ላይ ዱፖንት የጄኔራል ሞተርስ 23 በመቶ ባለድርሻ ነበር። ይህ ድርሻ ለመኪና ቀለምና ለመቀመጫ ጨርቅ ገበያውን በአድልዎ ከፍቶለታል ተብሎ ክስ ቀረበ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1957 ዱፖንት ላይ ፈረደ። የቀለም ቆርቆሮ እስከዚያ ድረስ ሄዷል።

ለእኛ ነጥብ ዋናው ቁምነገር ግን ዱኮ የሚደርቅበት መንገድ ነው። የሚደርቀው ማሟሟቻው ስለተነነ ብቻ ነው፤ ሌላ ኬሚካላዊ ለውጥ የለም። ማሟሟቻ ሲመለስለት እንደገና ይለሰልሳል። ስለዚህ በተነቀለው ቦታ ላይ አዲስ ጠብታ ስታደርጉ፣ ጠብታዋ የአሮጌውን ጠርዝ አሟሙታ ትዋሃደዋለች። ስፌት የለም። ጥሩ እጅ ያለው ቀቢ ነጥቧን ሞልቶ፣ ፈግፍጎ፣ አብርቶ «የት ነበረች?» ማስባል ይችል ነበር።

የጥፍር ቀለምም እስከ ዛሬ በአብዛኛው ናይትሮሴሉሎስ ነው። ኮፈኗ ላይ ያለችውን ነጥብ በጥፍር ቀለም የምትሸፍን ልጅ ብትስቁባትም፣ የያዘችው የዱኮን የቅርብ ዘመድ ነው። የሚጎዳት ፀሐይ ነው፤ ይቢጫል፣ ይሰነጠቃል። ዱኮም ከፀሐይ ጋር የነበረው ጠብ ያው ነበር፤ ካልተወለወለ ይደበዝዛል።

ከቀለሙ ጋር አብሮ የመጣው መርጫም የራሱ ታሪክ አለው። በኦሃዮ የጉሮሮ ሐኪም የነበረው አለን ዴቪልቢስ በ1880ዎቹ መጨረሻ መድኃኒት ወደ ሕመምተኛ ጉሮሮ የሚረጭ መሣሪያ ሠራ። ልጁ ቶማስ ያንኑ ሐሳብ ለቀለም አዋለው። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ «ስፕሬይ» የምንለው መሣሪያ አያቱ የጉሮሮ ማከሚያ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመኪና ቀለም አንድ ነገር መሆኑ ቀርቶ የተነባበሩ ነገሮች ሆነ። ፎርድ ያሳደገው ዘዴ ላሜራውን በሙሉ በፈሳሽ ገንዳ ይነክረዋል፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ፀረ ዝገቱ ሽፋን ስንጥቁ ውስጥ ሳይቀር ይጣበቃል። ከዚያ በላይ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከ1970ዎቹና 80ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከሁሉም በላይ ግልጹ ሽፋን፣ ጋራዦቻችን «ክሊር» የሚሉት። ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ከሁለት የፀጉር ዘለላ ብዙም አይበልጥም። በፋብሪካው ሽፋኖቹ ከ100 ዲግሪ በእጅጉ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገራሉ፣ ሞለኪውሎቻቸው እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። ከዚያ በኋላ ማሟሟቻ አይመልሳቸውም። አዲስ ጠብታ ላያቸው ላይ ትቀመጣለች እንጂ አትዋሃዳቸውም። ቀቢው «ታስታውቃለች» ያለው ይህንን ነው።

ሌላም አለ። ጎማና የኤሌክትሪክ ገመድ የተገጠመለትን መኪና በዚያ ሙቀት መጋገር አይቻልም። ስለዚህ የትም አገር ያለ ጋራዥ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚደርቅ ክሊር ነው የሚጠቀመው። የፋብሪካውን ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አንዴ እስከ ላሜራው ከወረዱ፣ ያንን የገንዳ ሽፋን የሚመልስ ጋራዥ የለም። ገዢው ማግኔት ይዞ የሚዞረው ግጭት ፍለጋ ነው፤ ሳያውቀው ግን የሚፈልገው ይህንንም ነው።

ያ ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። በብዙ አገሮች በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ከዋና ዋና መነሻዎች አንዱ ነው፤ አንዴ ሳንባው የተቆጣ ሰው በጥቂት ትነት ሊታፈን ይችላል። ተራ የጨርቅ ማስክ አያግደውም። የጉሮሮ ሐኪሙ መርጫ እዚህ ደረሰ። ምስር ለምታክል ነጥብ አንድ ሙሉ ኮፈን ሲረጭ፣ የሚከፈለው የባለመኪናው ብር ብቻ አይደለም። በሩ ገርበብ ባለ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አፉን በሻርፕ ጠምጥሞ የሚረጨው ወጣትም ይከፍላል። እኔን በዚህ ጉዳይ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

የእኛ ጋራዥ ቋንቋው ጣልያንኛ ነው፦ ስቱኮ፣ ላሜራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ። ብርጭቆ ወረቀት እንኳ ጣልያኖቹ «ካርታ ቬትራታ» የሚሉት ቃል በቃል ይመስላል። ስቱኮ መሙላት፣ መፈግፈግ፣ ሙሉውን መቀባት፤ ይህ እጅ የሠለጠነው ላሜራው ወፍራም፣ ቀለሙም አንድ ዓይነት በነበረበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ትክክል ነበር። ዛሬ ግን ከጃፓን የመጣች ቶዮታ የቀለም ቁጥሯ ብረት ሰሌዳ ላይ፣ «ሲ/ቲአር» ከሚለው ጎን ተጽፎላታል። ለምሳሌ 040 ካለ፣ በየመንገዱ የምናየው ነጭ ነው። በዓይን ግምት መቀመም ሳያስፈልግ በቁጥሩ የተቀመመ ጥቂት ቀለም ማግኘት ይቻላል። እርግጥ ዓመታት የአዲስ አበባ ፀሐይ ያየ ቀለም ከቁጥሩ ትንሽ ይለያል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ፀሐይዋ ለቀለም አትራራም።

ነጥቧን ብቻ ማከም እንዲህ ነው። ታጥባ ሰሟ ይጠረጋል። ዝገት ከጀመራት ዝገቱ ብቻ በሹል ነገር ይፋቃል፤ ዳር ዳሩ አይነካም። ላሜራው ከታየ የስንጥር ጫፍ የምታክል ፀረ ዝገት ፕራይመር። ከዚያ ቀለሙ፣ በብሩሽ ሳይሆን በስንጥር፣ በጣም በትንሹ፣ እየደረቀ ሁለት ሦስት ጊዜ፤ ቀለም ሲደርቅ ስለሚሰምጥ በአንዴ መሙላት አይሆንም። ከላይ ክሊር፣ ከዙሪያው ጥቂት ከፍ እስኪል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት አይነካም። ሳምንቱ ሲያልፍ ቁጥሩ 2000 የሆነ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ተነክሮ፣ ከፍ ያለችው ጉብታ ብቻ ተፈግፍጋ ትወለወላለች። ከአንድ ክንድ ርቀት አትታይም፤ ተጠግቶ ያየ ያገኛታል። ዝገት ግን አይገባም፣ ማግኔቱም ይይዛል።