የገንዘብ መርከስና የባለ አክሲዮን ዕጣ



ሰው ከወር ደመወዙ ጥቂት ጥቂት እያስቀረ ለእርጅናው ጥሪት የሚያኖረው፤ ዛሬ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ነገም ያንኑ እህልና ያንኑ ልብስ ይገዛልኛል ብሎ ነው። ይህ ተስፋ ሲጓደል ምን እንደሚደርስ ለመረዳት፤ በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከ1966 እስከ 1982 ዓ.ም. የሆነውን እንመልከት። ይህ የዘመን ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዚያ አገር ለብዙ ጊዜ የጸና አንድ አሳብ ነበረ። ይኸውም ገንዘብ ሲረክስ የሚጎዳው አበዳሪ ነው እንጂ ባለ አክሲዮን አይደለም፤ እርሱ የፋብሪካ ተካፋይ ነውና ዕቃ ሲወደድ ሀብቱም አብሮ ይወደዳል የሚል ነው።

ነገር ግን ዶው ጆንስ የተባለው የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1966 ዓ.ም. 995 ደርሶ ነበር፤ ከ16 ዓመት ተኩል በኋላ በኦገስት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. 777 ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው የጎደለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። ዳሩ ግን በዚሁ ዘመን የዕቃ ዋጋ ሦስት እጥፍ ስለ ሆነ፤ አክሲዮኑ ተሸጦ የሚገዛው ዕቃ ከቀድሞው ሩብ ያህል ብቻ ነበረ። ባለ አክሲዮኑ በየዓመቱ የደረሰውን የትርፍ ድርሻ ሳይበላ መልሶ አክሲዮን ገዝቶበት ቢሆን እንኳ፤ ዕቃ የመግዛት አቅሙ ከተነሣበት ከፍ አላለም።

የገንዘቡ መርከስ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የቬትናም ጦርነት ወጪ ከበደ፤ በ1971 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላር በወርቅ መለወጡን አስቀሩ፤ በ1973 ዓ.ም. መጨረሻም የነዳጅ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ወጣ። በ1980 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከመቶ 13 በላይ ሆነ።

ታዲያ አክሲዮን መሸሸጊያ ያልሆነው ስለ ምንድን ነው? አንደኛ፤ የመንግሥት የብድር ሰነድ በ1981 ዓ.ም. ከመቶ 15 የሚደርስ ወለድ ሲከፍል፤ አክሲዮንን በቀድሞው ዋጋ የሚገዛ አልተገኘም። ሁለተኛ፤ በ100 ሺህ ዶላር የተገዛ መኪና ሲያረጅ የሚተካው በ200 ሺህ ቢሆንም፤ ግብሩ የሚታሰበው በአሮጌው ዋጋ ነበረና ኩባንያው ላላገኘው ትርፍ ጭምር ግብር ከፈለ።

በ1979 ዓ.ም. ቢዝነስ ዊክ የተባለው መጽሔት የአክሲዮንን መሞት በሽፋኑ ላይ አወጀ። በዚያው ዓመት የማዕከላዊው ባንክ ሊቀ መንበር የሆኑት ፖል ቮልከር ወለዱን ወደ ከመቶ 20 ገደማ አደረሱት። ብዙ ሠራተኛ ከሥራው ወጣ፤ የዋጋው ትኩሳት ግን በረደ። ሞተ የተባለው ገበያም ከ1982 ዓ.ም. በኋላ አንሰራርቶ በ1987 ዓ.ም. መለኪያው ከ2,700 አለፈ።

እንግዲህ አድማጮቻችን፤ በታገሠ ሁሉ ያተርፋል የሚለው ምክር እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይደለም። 16 ዓመት ለገበያ አጭር ነው፤ ጡረታው ለደረሰ ሰው ግን ዕድሜ ነው። በአገራችንም በጥር 2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷልና፤ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ስንት ብር አተረፍሁ ከማለቱ በፊት፤ ብሩ ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛልኛል ብሎ ይጠይቅ።