ቃለ ጉባኤና ማኅተም፦ ከመልካ ጀብዱ ቀበሌ እስከ ኅብረት ሥራ ማኅበር

ከድሬዳዋ መሐል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብላ የምትገኘው መልካ ጀብዱ ስሟ ራሱ የሚናገረው ታሪክ አለው። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በመሻገሪያ ከብት ውሃ ይጠጣል፣ ገበሬና አርብቶ አደር ይገናኛል፣ ነጋዴው ጭነቱን ያራግፋል። ሰው በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ክርክር አይጠፋም። ማን ቀድሞ ያጠጣ? የማን ግመል የማንን ማሽላ በላ? ድንበሩ ከግራሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? እነዚህን ጥያቄዎች ቁጭ ብሎ የሚዳኝ ጉባኤ ቀበሌ የሚባል አደረጃጀት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ ነው።

ያ ጉባኤ በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ባይኖረውም ሥርዓት አልባ አልነበረም። በኦሮሞ ዘንድ ጃርሳ ቢያ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች፣ በሶማሌ ኢሳ ዘንድ ደግሞ ሄር ኢሴ በሚባለው ባህላዊ ሕግ የሚዳኙ አዋቂዎች ነገር ያያሉ፣ ካሳ ይቆርጣሉ፣ ያስታርቃሉ። ለእነዚህ ሥርዓቶች ዓለምም እውቅና ሰጥቷል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም፣ ሄር ኢሴ ደግሞ በ2017 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ይሁን እንጂ በዛፍ ጥላ ሥር ለሚደረግ ጉባኤ ጸሐፊ አይመደብለትም፤ መዝገቡ የተሰብሳቢው ትውስታ ነው። ተከራካሪዎቹም ሆኑ ሽማግሌዎቹ አንድ ቀዬ ውስጥ እስካሉ ድረስ ይህ መዝገብ ከወረቀት የማያንስ ጥንካሬ አለው። ችግር የሚመጣው ከሩቅ የመጣ ሦስተኛ ወገን «ማስረጃችሁ የታል?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ያ ሦስተኛ ወገን የመጣው በባቡር ነው ማለት ይቻላል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በቆላው በኩል አልፎ በ1895 ዓ.ም እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከተማዋ ከመጀመሪያዋ ዕለት ጀምሮ የወረቀት ከተማ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የጭነት ሰነድ፣ የጉምሩክ ደረሰኝ፣ ቲኬት፣ ቴምብር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅም የከተማን መንገድ፣ ውሃ፣ ገበያና ጽዳት የሚከታተል ምክር ቤት በሕግ አቋቋመ። በከተማ ዳርቻ ለሚኖር ገበሬ ግን ማዘጋጃ ቤት የሩቅ ቤት ነበር። ጽሕፈት ቤት ደጁ ድረስ የመጣለት በ1967 ዓ.ም ነው።

በዚያ ዓመት በአምስት ወራት ውስጥ ሁለት አዋጆች ተከታትለው መጡ። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል ገበሬዎች በማኅበር እንዲደራጁ፣ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት እንዲደለደል ደነገገ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። በዚህኛው አንድ ቤተሰብ የሚሰጠው የመኖሪያ ቦታ ጣሪያ 500 ካሬ ሜትር ሆነ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶችን የሚያስተዳድር የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ ተቋቋመ። እንደ መልካ ጀብዱ ላለ ገጠርና ከተማ ለሚነካኩበት ቦታ የሁለቱ አዋጆች ድንበር ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ማሳ በሄክታር ይለካ ወይስ በካሬ ሜትር የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በከተማ ዳርቻ እየተነሳ የሚወድቅ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ተራው ነዋሪ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ የሚባሉ ሹመቶችን ከራሱ መካከል መርጦ አስቀመጠ። ብዙ ጊዜ ጸሐፊ የሚሆነው ማንበብና መጻፍ የቻለው ወጣት ነበር። አጀንዳ ተይዞ፣ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ተረጋግጦ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነብቦ ሥራ መጀመር የሚባለው ልማድ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የሠረጸው ያኔ ነው። የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በቤተሰብ ቁጥር ሲያከፋፍል የነዋሪው ዝርዝር በመዝገብ መስፈር ነበረበት። ስሙ ያልተመዘገበ ስኳር የለውም።

ያው መዝገብ ክፉ ሥራም ተሠርቶበታል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ በብዙ ከተሞች የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነዋሪ የሚገለገልበት ቤት መሆኑ ቀርቶ ነዋሪ የሚታሰርበት ቤት ሆነ። ድሬዳዋ በዚያው ሰሞን የጦርነትም ከተማ ነበረች፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦር ከተማዋ ዳርቻ ድረስ መጥቶ ነው የተመለሰው። ማን ከየት መጣ፣ ማን ማንን አሳደረ የሚለው ሁሉ በቀበሌ ይጻፍ በነበረበት ወቅት ስም መመዝገብ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ነበር። ዛሬም ቀበሌ ሲጠራ ፊታቸው የሚለወጥ አረጋውያን አሉ፤ ምክንያታቸው ይታወቃል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክም ከዚሁ ጽሕፈት ቤት ተለይቶ አይታይም። በእርግጥ የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ድንጋጌ በ1953 ዓ.ም፣ አዋጁ ደግሞ በ1958 ዓ.ም ወጥተው ነበር። ሆኖም በስፋት ወደ አርሶ አደሩ የወረደው ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ነው። ከሦስት እስከ አሥር የሚደርሱ የገበሬ ማኅበራት ተጣምረው አንድ አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቁማሉ፤ አምራቾቹ ደግሞ ማልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች እንዲያድጉ ታቀደ። በወረቀት ሲታይ ያማረ ነበር። በተግባር ግን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የኅብረት ሥራው አመራርና የፓርቲው ሰው ሦስት ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አባሉ እህሉን በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ሲያስረክብ ዋጋውን አልተነጋገረበትም። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ይላል፤ ድምፁ ግን የአባሉ አልነበረም።

ስለዚህ የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ወቅት ደግሞ በየአገሩ የአገልግሎት ማኅበራት መጋዘን ተዘረፈ፤ ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ወፍጮው ተወሰደ። ሰው ስለ ወፍጮው ያወራል። ከወፍጮው ጋር የጠፋው መዝገብ ግን ብዙም አይነሳም። ማን ስንት ዕጣ ገዝቶ ነበር? ማኅበሩስ ለማን ባለዕዳ ነበር? ወፍጮ ይተካል፤ በእጅ የተጻፈ የአባላት መዝገብ ቅጂ የለውም።

በ1991 ዓ.ም የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ይህን ታሪክ እያስታወሰ የተጻፈ ይመስላል። የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው መሆኑ፣ አንድ አባል ያለው ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም አንድ ድምፅ ብቻ መሆኑ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ ዘመን ሦስት ዓመት ሆኖ ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ አለመመረጡ፣ ከእሱ የተለየ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ መኖሩ፣ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ መቀመጡ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ መመርመሩ፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ቀድሞ ለታየ ጥፋት የተሰጠ መልስ ነው። ሕጉ በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 985 ሲተካም ይኸው የአባል ባለቤትነት መሠረት አልተነካም።

ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም ቻርተሯን በአዋጅ ቁጥር 416 አገኘች። በዚያው ዘመን የከተማው ክፍል በዘጠኝ ቀበሌዎች ተሸንሽኖ መልካ ጀብዱ 01 ቀበሌ ተባለች። የቻርተሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። በመልካ ጀብዱ ስብሰባ ሰው በኦሮምኛ ይናገራል፣ በሶማልኛ ይመልሳል፣ በአማርኛ ይጻፋል። ጸሐፊው እንግዲህ የሚጽፍ ብቻ አይደለም፤ እየሰማ ይተረጉማል፣ እየተረጎመ ያሳጥራል። አንድ አዛውንት ሩብ ሰዓት በምሳሌ አዋዝተው የተናገሩት ተቃውሞ በቃለ ጉባኤው «አንድ ተሰብሳቢ ቅሬታ አቅርበዋል» ተብሎ በአራት ቃል ሊያልቅ ይችላል። ቅሬታው ምን ነበር? ወረቀቱ አይመልስም። ከመፈረም በፊት ቃለ ጉባኤው ለተናጋሪው በቋንቋው ተተርጉሞ ይነበብለት የሚሉ ወገኖች ነገር ያበዙ አይደሉም።

የቀበሌው የዘወትር ሥራ ከውጭ ሲታይ ተራ ነው። መታወቂያ ማደስ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የጎረቤት አጥር ክርክር፣ የጽዳት ዘመቻ፣ የጎርፍ መውረጃ ጠረጋ። የመጨረሻው ተራ አለመሆኑ በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ታይቷል፤ በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንዝ ዳር ቤትና ስለ ቦይ የሚነሳ አጀንዳን «ቀላል ጉዳይ ነው፣ ይለፍ» የሚል ቢኖር የሚሰማው አያገኝም። ቀሪው ሥራ ሁሉ በአንድ ማኅተም ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማኅተሙ አለ፣ የሚመታው ሰው ግን «ስብሰባ ላይ ናቸው»። ይህን ያልሰማ ባለጉዳይ በመላ አገሪቱ ይኖራል ብሎ ለመናገር ያስቸግራል።

በዙሪያው ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ሴፍቲኔት ሲመጣ የስብሰባው ክብደት ጨመረ። ተጠቃሚውን የሚለየው ኅብረተሰቡ ራሱ ነው፤ የቀበሌ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ዝርዝሩን ያዘጋጃል፣ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ቅሬታ ያለው ለቅሬታ ሰሚው ያቀርባል። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ይታሰባል፤ እርከን ሥራ፣ መንገድ ጠረጋ፣ የውሃ ማቆሪያ ቁፋሮ። በመዝገቡ አምስት የተባለ ቤተሰብ በእውነት ሰባት ከሆነ የሁለት ሰው ቀለብ ጎደለ ማለት ነው። አንድ ቁጥር ይህን ያህል ትከብዳለች።

ከሁሉም የከበደው ግን የመሬት ጉዳይ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር የድሬዳዋ ጣቢያው እንደ ጥንቱ ለገሐር መሐል ከተማ ሳይሆን ከከተማው ውጪ በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ ነው የተሠራው። የኢንዱስትሪ ፓርኩም በዚያው አካባቢ ተተከለ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ መጀመሩ ተበሰረ። ለአገር ትልቅ ነገር ነው፣ ለአካባቢው ወጣትም ሥራ ነው። ከከተማ ጋር ድንበር የሚጋራ አርሶ አደር ግን እንዲህ ያለ ልማት ሲመጣ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀት።

ሕጉን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ይዞታውን በቋሚነት ለሚለቅ አርሶ አደር ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር አባዝቶ ካሳ ይሰጥ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ በሦስቱ የመጨረሻ ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛውን በአሥራ አምስት እንዲባዛ ደነገገ። ለምሳሌ አንድ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርት ገበሬ ሁለቱን ዓመት 40,000 ብር፣ አንዱን ዓመት 50,000 ብር ቢያገኝ ከፍተኛው ተወስዶ ካሳው 750,000 ብር ይሆናል። የጥሩው ዓመት ሽያጭ ማስረጃ ከሌለውና 40,000ው ብቻ ከታመነለት 600,000 ብር ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ 150,000 ብር ነው፤ ይህም የጠፋች አንዲት ደረሰኝ ዋጋ ነው።

ያቺ ደረሰኝ ከየት ትመጣለች? ምርቱን በመንገድ ዳር ለደላላ የሸጠ ገበሬ ሲያስረክብ ካርኒ አይቆረጥለትም። ለማኅበሩ ያስረከበ ግን ክብደቱ፣ ዋጋውና ቀኑ የተጻፈበት የራሱ ቅጂ አለው፤ የእሱ ቢጠፋ የማኅበሩ ቀሪ አለ። የኅብረት ሥራ ጥቅም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው የትርፍ ክፍፍልና የማዳበሪያ አቅርቦት ነው። ካርኒው ግን ማንም ሳያስበው የመሬት ጠበቃ ሆኖ ሊቆም ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ መሬቱ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ መሬቱ ምን ያበቅል እንደነበር የሚናገረው የሽያጭ መዝገቡ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ገማች ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው አርሶ አደር ባዶ እጁን አይቆምም።

ከ2008 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሕግ በተቋቋመ አሠራር ይካሄዳል። በ2015 ዓ.ም አዋጅ የወጣለት የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ ይሸከም የነበረውን ሥራ እየተረከበ ነው። የአስተዳደር እርከኖች ስምና ወሰንም በየጊዜው ይቀያየራል። በእነዚህ ሽግግሮች መካከል አሮጌዎቹ የእጅ ጽሑፍ መዝገቦች፣ ጥግ ላይ ተደራርበው አቧራ የሚጠጡት፣ ወዴት እንደሚሄዱ የሚወስን አጀንዳ መያዝ አለበት። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተጻፈ የቦታ ድልድል፣ የውርስ ስምምነት፣ የሽማግሌ እርቅ በውስጣቸው አለ። የአባቱን ይዞታ ለማስመስከር ከሳቢያን ወይም ከጅቡቲ ተመልሶ የሚመጣ ልጅ መዝገብ ቤቱን ሲያንኳኳ የሚፈልገው ያንኑ ገጽ ነው።